ንድፍ ከመቀስ በፊት፦ የአልባሳት ንድፍ ሙያና የሽሮ ሜዳ ትምህርት

(ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «በፋሽንና በአልባሳት ንድፍ ሙያ እንዴት መሰማራት ይቻላል?» የሚል ነው። ይህን ጥያቄ በየዓመቱ ከተመራቂ ተማሪዎቼ እሰማዋለሁ። አስከትለው የሚጠይቁኝም አብዛኛውን ጊዜ የትኛውን የኮምፒዩተር ፕሮግራም መማር እንዳለባቸው፣ ወይም በየትኛው የፋሽን ትርኢት ቢሳተፉ ቶሎ እንደሚታወቁ ነው። ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። በእኔ እምነት ግን መልሱ የሚጀምረው ከሌላ ስፍራ ነው፤ ከስድስት ኪሎ ተነሥተን ወደ እንጦጦ የሚወስደውን መንገድ ይዘን ሽቅብ ስንወጣ፣ ከአሜሪካ ኤምባሲ አካባቢ ከምናገኘው ከጉለሌው ሽሮ ሜዳ። በመንገዱ ዳርና ዳር በየሱቁ የተሰቀሉትን ነጫጭ ቀሚሶች ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። እኔ ዛሬ ላነሣ የምወደው ከሱቆቹ በስተጀርባ ባሉት መንደሮች ውስጥ ስላለው የሽመና ጉድጓድ ነው።

ወጣት ሳለሁ፣ በወረቀት ላይ አሳምሬ የሣልሁትን የቀሚስ ንድፍ ይዤ ወደ አንድ አረጋዊ ሸማኔ ሄድሁ። በደረቱ ላይ ሰፊ የመስቀል ጥበብ ያለው፣ ከወገቡ በታች እየሰፋ የሚወርድ ቀሚስ ነበር። አባባ ወረቀቱን አገላብጠው ካዩ በኋላ፣ «ልጄ፣ ይህ ጥበብ ከትከሻሽ ስንት ስንዝር ወርዶ ነው የሚጀምረው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ከመማሪያ መጽሐፍ እንዳነበብሁት፣ «እርስዎ ጨርቁን ይሥሩልኝ እንጂ፣ እሱን ካለቀ በኋላ ስቆርጠው እወስነዋለሁ» አልኋቸው። ሳቁና፣ «ካለቀማ አለቀ፤ ከዚያ ወዲያ ምን ይወሰናል?» አሉኝ።

ያን ጊዜ እንደ ቀልድ ነበር የሰማሁት። ቁም ነገሩን ለመረዳት ዓመታት ፈጅቶብኛል።

ከውጭ በመጡት የመማሪያ መጻሕፍት የልብስ ንድፍ የሚጀምረው ካለቀ ጨርቅ ነው። ጨርቁ ከፋብሪካ በጥቅል ይመጣል፤ ዲዛይነሩ ይሥላል፣ ልኬት ያወጣል፣ ይቆርጣል፣ ያሰፋል። በእኛ ሽመና ግን ጥበቡ ከጨርቁ ጋር አብሮ ይወለዳል። ሸማኔው ድሩን ዘርግቶ ማጉን በመወርወሪያ እያሳለፈ ይሸምናል፤ ጥበቡ የሚገባበት ቦታ ላይ ሲደርስ የድሩን ክሮች እየቆጠረ፣ ባለቀለሙን ክር እየጨመረ ቅርጹን ያወጣል። የቀሚሱ የታችኛው ጌጥ፣ የደረቱ መስቀል፣ የእጅጌው ጫፍ፣ የነጠላው ጥለት፣ ሁሉም መቀስ ከመምጣቱ በፊት ቦታቸውን ይዘዋል። ጥልፍ ከዚህ የተለየ ነው። ጥልፍ ባለቀ ጨርቅ ላይ በመርፌ የሚሠራ በመሆኑ ቢበላሽ ተፈትቶ እንደገና ይጠለፋል። ጥበብ ከተሳሳተ ግን ሸማኔው የሠራውን ክር በክር ወደ ኋላ ካልፈታ በቀር አይታረምም። የሁለቱን ልዩነት ሳያውቁ የተመረቁ ተማሪዎች አጋጥመውኛል፤ ጥፋቱ የእነርሱ ሳይሆን የእኛ የመምህራኑ ነው።

እንግዲህ በእኛ አገር ንድፍ ከመቀስ በፊት፣ ከጨርቁም በፊት የሚደረግ ውሳኔ ነው ማለት ነው። ከዚህ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ በዚህ ሙያ መሰማራት የሚፈልግ ሰው ሽመናን ማወቅ ግድ ይለዋል። ሁለተኛ፣ ሸማኔው የታዘዘውን ብቻ የሚፈጽም እጅ ሳይሆን የንድፉ ተካፋይ ነው። የዛሬው ንግግሬ የእነዚህ የሁለቱ ማብራሪያ ነው።

የመጀመሪያውን ልውሰድ። ሸማኔው በጉድጓዱ አፋፍ ተቀምጦ፣ እግሮቹን ወደ ታች ሰድዶ መርገጫዎቹን እያፈራረቀ ይረግጣል፤ መወርወሪያውንም ከአንድ እጁ ወደ ሌላው ይወረውራል። የጨርቁ ወርድ የሚወሰነው እጆቹ በሚደርሱበት መጠን በመሆኑ ብዙውን ጊዜ ከ1 ሜትር ያንሳል። በሰፊ የፋብሪካ ጨርቅ ላይ የተማረውን አቆራረጥ እንዳለ ወደ ሸማ የሚያመጣ ተማሪ፣ ስፌቱ በማይፈለግበት ቦታ ይወድቅበታል፤ ጥበቡም መሐል ለመሐል ይቆረጥበታል። ክሩም የራሱ ጠባይ አለው። ድሩ በአብዛኛው የፋብሪካ ክር ነው፤ ማጉ ሴቶች ከባዘቶ በእንዝርት የፈተሉት ሲሆን ጨርቁ ይለሰልሳል፣ ነገር ግን ውኃ ሲነካው ይሰበሰባል። ሳይታጠብ የተለካ ቀሚስ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ለባለቤቱ አይሆንም። ላላ ብሎ የተሸመነ ሸማ ደግሞ ጥብቅ ተደርጎ ከተሰፋ በስፌቱ መስመር ይተረተራል። እነዚህን ነገሮች በንግግር መማር ይቻላል ብዬ አላምንም። ጨርቁን በጣት መዳሰስ፣ አጥቦ ማየት፣ ሰፍቶ ማበላሸት ያስፈልጋል።

ይህን የተረዱ ሰዎች ያገኙትን ውጤት እናውቃለን። ዲዛይነር ገነት ከበደ በ«ፓራዳይዝ ፋሽን» የአገር ባህል ጨርቅን ለዘመናዊ አለባበስ በማዋል ፈር ከቀደዱት መካከል ናቸው። ዲዛይነር ፍቅርተ አዲስ ወደ ሙያው የመጡት ከሥነ ልቦና ትምህርት ሲሆን፣ «የፍቅር ዲዛይን» በተባለው ሥራቸው በእጅ የተሸመነውን ጨርቅ የስብስቦቻቸው መሠረት አድርገውታል። ሞዴል ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2007 «ለምለም»ን ሲመሠርቱ መነሻ የሆናቸው የአገራችን ሸማኔዎች ገበያ እያጡ መሆናቸውን ማየታቸው ነበር። ሦስቱም የተለያየ መንገድ ተጉዘዋል። መነሻቸው ግን አንድ ነው፤ ሦስቱም ከሽመናው ጀምረዋል።

ጨርቁን ማወቅ ሲባል አሠራሩን ብቻ ማወቅ ማለት አይደለም። ጨርቁ የሚናገረውንም መስማት ነው። በተለይ የመድረክና የፊልም አልባሳት ለመንደፍ የምታስቡ ይህን ልብ በሉ። በደስታ ቀን የነጠላው ጥለት ወደ ታች ወርዶ ይታያል። በሐዘን ቀን ነጠላው ይዘቀዘቃል፤ ጥለቱ ወደ አንገትና ወደ ፊት ይወጣል። ለቤተ ክርስቲያን መስቀለኛ ይጣፋል። በታላቅ ሰው ፊት የሚቆም ያደገድጋል። አንድ ጨርቅ ሳይቆረጥና ሳይሰፋ፣ በአለባበሱ ብቻ አራት የተለያዩ ነገሮችን ይናገራል።

እኔ ራሴ ይህን የተማርሁት በኀፍረት ነው። በአንድ የተማሪዎች ቴአትር የአልባሳት ኀላፊ ሆኜ ስሠራ፣ ባሏ የሞተባትን ሴት የምትጫወተውን ተዋናይት ጥለቱ ሰፊና ያማረ ነጠላ አለበስኋት፤ ጥለቱም እንዲታይልኝ ወደ ታች ለቀቅሁት። ልጅቱ በእውነት እያለቀሰች ነበር። ከፊት ወንበር የተቀመጡ አንዲት እናት ግን ወደ ጎረቤታቸው ዘንበል ብለው፣ «ምነው፣ ሐዘኗ ዛሬውኑ ወጣ እንዴ?» አሉ። በዙሪያቸው የነበረው ተመልካች ሳቀ። የተዋናይቱ ልፋት፣ የደራሲው ቃል፣ የአዘጋጁ ድካም ሁሉ በእኔ አንድ ስሕተት ከንቱ ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልብስ በመድረክ ላይ ጌጥ ነው ብዬ አስቤ አላውቅም። ልብስ የገጸ ባሕርይው ንግግር ነው፤ ሐሰት ከተናገረ ተመልካቹ ቀሪውንም አያምንም።

በታሪካዊ ቴአትርና ፊልም ጉዳዩ የበለጠ ይከብዳል። በ1948 ዓ.ም. የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ሲመረቅ የቀረበው የራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር፤ ከመጽሐፍ ቅዱስ ዘመን የተቀዳ ታሪክ ነው። ከዚያ ወዲህ መድረካችን ነገሥታትን፣ ጦረኞችን፣ ባላገሮችን በተደጋጋሚ አልብሷል። ዛሬ ግን በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተቀመጠ ታሪክ በሚያብለጨልጭ ሰው ሠራሽ ክር በተሠራ ጥበብ ተሞልቶ እናያለን። ቀይ ጥለት ያለው ጃኖ በዘመኑ የክብር ልብስ መሆኑ ተረስቶ አሽከሩም ጌታውም ይለብሰዋል። ለምድ፣ ካባ፣ በርኖስ፣ እጀ ጠባብ እያንዳንዳቸው ባለቤት፣ ማዕረግና ጊዜ ነበራቸው። ቅርቡ ዘመንም ቢሆን ጥናት ይጠይቃል። እንደ ኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ያለ በደርግ ዘመን የሚመላለስ ፊልም የሚያለብስ ሰው፣ የአባቶቹን የፎቶግራፍ አልበም እንደ ሰነድ ማንበብ አለበት።

ሰነድ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መዘክር አለልን። የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች፣ የቆዩ ፎቶግራፎች፣ የአረጋውያን ትዝታ ሌሎቹ ቤተ መጻሕፍቶቻችን ናቸው። አሜሪካዊቷ ሩት ካርተር «ብላክ ፓንተር» ለተባለው ፊልም በሠሩት የአልባሳት ንድፍ እ.ኤ.አ. በ2019 ኦስካር ሲሸለሙ፣ ምናባዊ አገር ለማልበስ የባሶቶን ብርድ ልብስና የእኛኑ የሙርሲና የሱሪን የከንፈር ጌጥ ሳይቀር አጥንተው ነበር። ሌላው ዓለም ከእኛ ለመማር ይህን ያህል ሲደክም፣ እኛ የጓሯችንን ሳናውቅ መቅረታችን ያስተዛዝባል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። ሸማኔው የንድፉ ተካፋይ ነው ብያለሁ። ታሪካችን ግን እንዲህ አላየውም። ከጋሞ ደጋማ አገር ወደ አዲስ አበባ መጥተው በጉለሌ የሰፈሩት ሸማኔዎች ከተማዋን ሲያለብሱ ኖረዋል። ከተማው ግን በጅምላ «ዶርዜ» እያለ ጠራቸው፤ ዶርዜ ከጋሞ ማኅበረሰቦች አንዱ ብቻ መሆኑን ለማወቅ እንኳ ብዙዎቻችን አልጣርንም። የእጅ ባለሙያን መናቅ ሥር የሰደደ ስለነበር ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ቆዳ ፋቂውን በሥራው የሚሰድበውን የሚገሥጽ ዐዋጅ አስነግረዋል። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎታል። ስድቡ ቀርቶ ይሆናል፤ ንቀቱ ግን መልኩን ለውጦ በእኛ ሙያ ውስጥ የቀረ ይመስለኛል።

መልኩን ላሳያችሁ። አንድ ወጣት ዲዛይነር ከስልኩ ላይ የሌላ ሰው ቀሚስ ፎቶግራፍ አውጥቶ ለሸማኔው ያሳያል፤ «ይህን አድርግልኝ» ይላል። ሸማኔው ክሮቹን ቆጥሮ፣ ቀለሙን አስማምቶ፣ በጨርቁ ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ አስቦ ይሠራዋል። ይህ የንድፍ ሥራ ነው። በትርኢቱ ቀን የሚጠራው ግን የዲዛይነሩ ስም ብቻ ነው። የሸማኔው ስም በልብሱ ላይ በሚሰፋው መለያ ላይ የለም፤ በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ የለም፤ ብዙ ጊዜ በዲዛይነሩ ደብተር ውስጥም የለም።

ከዚህ የከፋም አለ። ከጋሞ ደጋማ ቀበሌዎች ሕፃናት «ትማራላችሁ» እየተባሉ ወደ አዲስ አበባ ተወስደው በሽመና ሲደክሙ መኖራቸው በጥናትም በዜናም ሲገለጽ የኖረ ነው። ጨርቁን በቅናሽ ሲያገኝ «ማን ሠራው?» ብሎ የማይጠይቅ ዲዛይነር የዚህ ተካፋይ ሊሆን እንደሚችል ማወቅ አለበት። ስለዚህ ተማሪዎቼን የምመክረው ይህ ነው። ጉድጓዱን ሳታዩ ጨርቅ አትዘዙ። ዋጋውንና የማስረከቢያውን ቀን በጽሑፍ አድርጉ፤ ቀብድ ክፈሉ። ንድፉ ተበላሽቶ እንደገና የሚሠራ ከሆነ፣ ስሕተቱ የእናንተ እስከሆነ ድረስ የሸማኔውን ጊዜ ክፈሉ። ስሙንም ከስማችሁ አጠገብ ጻፉ።

ይህ የሥነ ምግባር ስብከት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የሙያው ህልውና ነው። ዛሬ በሽሮ ሜዳ ጭምር ከውጭ የሚገባ፣ የጥበብ መልክ በማሽን የታተመበት ጨርቅ ይሸጣል። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት ይመሳሰላል። እኛ ከሸማኔው የምንፈልገው መልክ ብቻ ከሆነ፣ ማሽኑ መልኩን በርካሽ ይሰጠናል። ማሽኑ የማይሰጠን ከትከሻ እስከ ጥበቡ ያለውን ርቀት የሚጠይቀንን ሰው ነው። የሸማኔው ልጅ የአባቱን ሥራ ጥሎ ሌላ ሲፈልግ ልንፈርድበት አንችልም። ሥራው ካላኖረው፣ ካላስከበረውም፣ ለምን ይቀጥላል? እርሱ ሲሄድ ግን የእኛም ሙያ መሠረቱን ያጣል።

በመጨረሻ ወደ እንጀራው ጉዳይ ልምጣ፤ ብዙዎቻችሁ የጠበቃችሁት ይህን እንደሆነ አውቃለሁ።

የአገር ባህል ልብስ ገበያ በበዓላትና በሰርግ ይመራል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ብሂል ለደንበኛው ቀልድ ነው፤ ለዲዛይነሩ ግን የሥራ መርሐ ግብር ነው። እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ገና፣ ጥምቀትና ፋሲካ፣ እንዲሁም የጥርና የፋሲካ ማግሥት ሰርጎች ገቢው የሚሰበሰብባቸው ጊዜያት ናቸው። በጥር አንድ ሳምንት የዘገየ ቀሚስ ለሙሽራይቱ ምንም አይጠቅማትም። በሁዳዴ ሰርግ ስለማይኖር ገበያው ይቀዘቅዛል። ብልህ ዲዛይነር ያን ጊዜ ናሙና ያወጣል፣ ክር ይገዛል፣ ከሸማኔው ጋር አዲስ ጥበብ ይሞክራል፤ በትርፉ ወራት ያገኘውንም እስከዚያ አብቃቅቶ ያቆያል። ዋጋ ስታወጡ ክሩን፣ ፈታይዋን፣ ሸማኔውን፣ ልብስ ሰፊውን፣ ኪራዩንና መጓጓዣውን ትቆጥራላችሁ፤ የራሳችሁን ጊዜ ግን ትረሳላችሁ። ብዙ ጎበዝ ተመራቂዎች ሙያውን የተዉት ደንበኛ አጥተው ሳይሆን ይህን ስሌት ሳያውቁ ነው።

ሕጉንም እወቁ። የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ ጥበቃ በዐዋጅ ቁጥር 123/1987፣ የንግድ ምልክት ጥበቃ በዐዋጅ ቁጥር 501/1998 ተደንግጓል። ለንድፍ ጥበቃ አዲስነቱ መሠረት በመሆኑ ፎቶግራፉን ከማሰራጨታችሁ በፊት ስለ ምዝገባው አስቡበት። በሌላ በኩል ከትውልድ ትውልድ የወረስነውን ጥለት የግል ንብረቴ ነው ማለት አይቻልም፤ የሁላችን ነው። ጋና የኬንቴን ሽመና እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስመዝግባለች። ከዚህ የምንማረው በጋራ የተወረሰን ጥበብ በጋራ መጠበቅ እንደሚቻል ነው።

መንገዱም አንድ ብቻ አይደለም። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጨርቃጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚሰጠው ትምህርት ወደ ፋብሪካ ይወስዳል። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር፤ አገራችን በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከአጎዋ የገበያ ዕድል ስትወጣ ግን በውጭ ትእዛዝ ብቻ የተመሠረተ ሥራ ምን ያህል በሌላው ውሳኔ ላይ እንደተንጠለጠለ አይተናል። ቴአትርና ፊልም፣ የቤተ መዘክር አልባሳት ጥበቃ፣ የሆቴሎችና የትምህርት ቤቶች የደንብ ልብስ፣ ማስተማርና መመራመር ሌሎች በሮች ናቸው። በየትኛውም ብትገቡ ግን ጨርቁን የሚያውቅ ሰው ይለያል።

ንግግሬን ለፋኩልቲያችን በማቀርበው አንድ ሐሳብ ልደምድም። የንድፍም ሆነ የመድረክ አልባሳት ተማሪዎቻችን ቢያንስ አንድ ሙሉ የትምህርት ወቅት በሽመና ጉድጓድ አጠገብ ያሳልፉ። የሚያስተምሯቸው ሸማኔዎች እንደ ጎብኝ ሳይሆን እንደ መምህር ይቆጠሩ፤ ክፍያቸውም የመምህር ክፍያ ይሁን። በፈተናውም ላይ ተማሪው ከሣለው ሥዕል አስቀድሞ፣ ጥበቡ ከትከሻ ስንት ስንዝር ወርዶ እንደሚጀምርና ለምን እንደሆነ ይጠየቅ።

ያ አረጋዊ ሸማኔ ዛሬ በሕይወት የሉም። ያን ቀን የሣልሁትን ቀሚስ ግን ሠርተውልኛል። እኔ መመለስ ያልቻልሁትን ጥያቄ ራሳቸው ለመመለስ፣ ስንዝራቸውን በትከሻዬ ላይ ዘርግተው ለክተው ነበር። ቀሚሱ እስከ ዛሬ አለኝ፤ ጥበቡም በቦታው ነው። ስማቸውን ግን በየትኛውም ቦታ ሳልጽፍ ቀረሁ። እናንተ ይህን ስሕተት እንዳትደግሙት አደራ እላለሁ።